ኮርኒስ ላይ የደበቅሁት ጋቢ

ይሄነው ጌታዬ፣

ከተለየኸን ይኸው ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እኛ ደህና ነን። ቤትህ ግን ዘንድሮ ውሃ አስገባ።

ስንሠራ ጣራው ከግድግዳው አልፎ ክፍክፍ ይውጣለት ብዬ ለምኜህ ነበር። አንተ ዘመናዊ ቤት ጣራው ከመንገድ አይታይም ብለህ፣ ዙሪያውን በግንብ ከልለህ አሸንዳውን ከግንቡ ኋላ ደበቅኸው። በባሕር ዳር ዝናብ ክፍክፍ የሌለው ቤት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጥፋትህን ግን ታውቀው ነበር መሰል፣ በየግንቦቱ መጨረሻ እየወጣህ የጎረቤትን የማንጎ ቅጠል ከአሸንዳው ትጠርግ ነበር። እኔ መሰላሉን ይዤ ስነዘንዝህ፣ ሆን ብለህ ቅጠሉን ራሴ ላይ ታራግፈዋለህ። አንተ ካለፍህ ወዲህ የወጣ የለም። አምና እንደምንም ቻለ። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ከሐይቁ የመጣው ወጨፎ አሸንዳውን ሞልቶ ወደ ውስጥ ገባ።

እኛ አላወቅንም። አንዲት ጠብታ እንኳ አልወረደችም። ነሐሴ ሲገባ ነው የመኝታ ቤታችን ኮርኒስ መሀሉ ጎብጦ፣ ሻይ የተደፋበት መስሎ ያየሁት። ልጅህ ትዕግሥት ጣራ ሠሪ ልጥራ ስትል አይሆንም አልሁ። ክረምቱ ይውጣና እናያለን እያልሁ ሦስት ቀን ጎተትኋት። ግራ ገባት። እኔ ግን እዚያ ላይ ምን እንዳለ አውቅ ነበር።

አሁን ልንገርህ። በአርባህ ልብስህ ለነዳያን ሲሰጥ ጋቢህን አልሰጠሁም። ኮትህን፣ ጫማህን፣ ዣንጥላህን ሳይቀር አውጥቻለሁ። ጋቢው ግን አንተን አንተን ይሸታል፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በቤተ ክርስቲያናችን በር ለሚቀመጡት ለዓይነ ስውሩ ለአባ ውቤ ነበር የታሰበው፤ እንደሚያገኙትም ተነግሯቸው ነበር። የንስሐ አባታችን ሁሉም ተሰጠ ወይ ሲሉኝ፣ አዎ አባቴ ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ትዕግሥት እንዳታየው፣ በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ በኮርኒሱ መውጫ አሾልኬ ከአልጋችን በላይ አስቀመጥሁት።

በአራተኛው ቀን ትዕግሥት ራሷ የጠራችው ጣራ ሠሪ መጣ። ጋቢውን ጎትቶ ሲያወርደው ከብዶት በጉልበቱ ደገፈው። ወር ሙሉ የገባውን ውሃ የጠጣው ይህ ነው፣ ሲጠግብ ነው ኮርኒሱን የተጫነው ብሎ አስረዳን። ትዕግሥት ጥለቱን አይታ ወዲያው አወቀችው። ባልዲ አምጥታ ትጨምቀው ጀመር። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ያፈርሁት ግን ከእሷ አይደለም። ያን ወር ሙሉ አባ ውቤ በስስ ነጠላ ተኮራምተው ሲንቀጠቀጡ በየጠዋቱ አያቸው ነበር። እንዴት አደሩ ብያቸው አልፋለሁ። በድምፄ ያውቁኛል፤ ስለ ጋቢው ግን አንድ ቀን አልጠየቁኝም።

ሦስት ጊዜ አጠብሁት። የቆርቆሮው ዝገት አልለቅ አለ፤ እንዲህ ሆኖ ደግሞ ለሰው አይሰጥም። ስለዚህ ትዕግሥት ለፋሲካ የገዛችልኝን አዲሱን ጋቢ ይዤ ሄጄ አባ ውቤን አለበስኋቸው። በጣታቸው ዳሰሱትና የማንን ነፍስ ይማር ልበል ብለው ጠየቁኝ። የክርስትና ስምህን ነገርኋቸው። የዘገየሁት እኔ መሆኔንም ነገርኋቸው። ይሁን ልጄ፣ ክረምቱ ገና አላለቀም አሉኝ። እዚያው በሩ ላይ አለቀስሁ።

ያንተን አሁን እኔ እለብሰዋለሁ። አንተን አንተን መሽተቱ ቀርቷል፤ የሚሸተው ሳሙና ነው። ቅዳሜ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ውሸቴን እናገራለሁ። አልረሳህም ይሄነው፤ ከእንግዲህ ግን ደብቄ አይደለም።

አሸንዳው ተጠርጓል። በየግንቦቱ መጨረሻ ትዕግሥት ትወጣለች፣ እኔ መሰላሉን እይዛለሁ። ቅጠሉን ራሴ ላይ እንድታራግፈው ነግሬያታለሁ።

ያንተዋ እናትነሽ