ሁለተኛው ንቅሳት

ደብረ ታቦር፣ የካቲት ፲፪ ቀን፣ በዘመነ ማርቆስ።

ዛሬም ጥርሴን በወይራ መፋቂያ ስፍቅ ድዴ ደማ። ባሌ እንደ ዘመተ አማቴ «ውበት ነው» ብለው በግድ አስይዘው ድዴን ካስነቀሱኝ ወዲህ ደሙ አልቆመም። ጥርሴ እንዳይረግፍ እፈራለሁ።

ማለዳ ያችኑ ነቃሽ ይዘው መጡ። «የሚደማው ጥቁረቱ ስላልጠለቀ ነው፤ ትደግምልሻለች» አሉኝ።

«እመይቴ፣ ያቆሰለኝ መርፌዋ ነው።»

«ዳዊት ደገምሁ ብላ ደግሞ መድኃኒተኛ ሆነች!» አሉ አማቴ እያፌዙብኝ።

ነቃሿ «አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ።

«እከፍታለሁ። ድዴ ቢደማም ጥርሴ ገና ይነክሳል፤ ጣትሽን አግቢና ሞክሪው።»

መርፌዋን ጠቅልላ ወጣች። አማቴ ግን ነገ በወንዶች እንደሚያስይዙኝ ዝተዋል። ይምጡ። ድዴን በጨው ውኃ አጥቤ፣ ጥርሴን ፍቄ እጠብቃቸዋለሁ።