የሀጀርና የሊባኖስ ስም አብሮ ይታተም

እኔ አብዱልገኒ ሰዒድ፣ የሒሳብ መምህር የነበርሁ፣ የቦሌ ነዋሪ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፺፩ ዓ.ም. በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን አስጽፌአለሁ።

ቤቴና ሾላ ያለው ሱቅ ለባለቤቴ ለሸይማና ለልጄ ለሐሩን በሸሪዓ እንደሚደርሳቸው ይከፈል። ሸይማ የሟች ልጃችንን የሀጀርን አልጋ አላስነሣም ካለች አትከራከሯት።

መጻሕፍቴንና ጥቁር ሰሌዳዬን ለሊባኖስ ተኽላይ ሰጥቻለሁ። ምክንያቱን ልናገር።

ሀጀርና ሊባኖስ ዩኒቨርሲቲ አብረው ያስተምሩ ነበር። የደከሙበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ሁለት ደቂቅ ቅንጣቶች ተራርቀው ሳሉ እንኳ አንዱ ያለ ሌላው የማይገለጽበት ቁርኝት ሊኖራቸው ይችላል። መኖሩ በምን ይታወቃል? ጥንዱን በሚገልጸው ማትሪክስ፣ ማለት በቁጥሮች ሠንጠረዥ፣ ውስጥ የአንዱን ድርሻ ብቻ ረድፉን ዓምድ አድርገው ሲያገላብጡት ኔጌቲቭ ቁጥር ከወጣ፣ ተቆራኝተዋል። በትላልቆቹ ማትሪክሶች ግን ምንም ኔጌቲቭ ሳይወጣ ቁርኝቱ ተሰውሮ ሊቀር ይችላል። ልጆቼ ይህን የተሰወረውን የሚገልጥ ሌላ የመለወጫ ሕግ፣ ፖዘቲቭ ማፕ የሚባለውን፣ ይፈልጉ ነበር።

ሀጀር ኩላሊቷ ደክሞ ሆስፒታል ተኛች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስገባ ሊባኖስ እግርጌዋ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ እሷ ትስቃለች።

«አባባ፣ ማገላበጡ ዝም ያለበትን የእኛ ማፕ አጋለጠው!»

«ኔጌቲቭ ወጣ?»

«ወጣ እንጂ! ሊባኖስ፣ ንገራቸው።»

እሱ የጻፉበትን ወረቀት ዘረጋልኝ። በዚያው ሳምንት ቀበርናት።

በለቅሶው ድንኳን ሐሩን ሊባኖስን «አንተ ምኗ ነህ?» አለው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ያን ጊዜ የእኔን አፍ ሐዘን ዘግቶት ነበር። ዛሬ እመልሳለሁ፤ እጮኛዋ ነው። እሷ እስላም እሱ ክርስቲያን መሆናቸውን እያወቅን እኔም እናቷም መርቀናል። ከወሎ ሰው ተወልዶ ይህን ነውር የሚል ልጅ ከየት እንዳመጣሁ አላውቅም።

ሐሩን ይህ የማፑ ጥናት በእኅቱ ስም ብቻ እንዲታተም ይፈልጋል። ለክብሯ ብሎ ነው፤ ቢሆንም አይሆንም። ሀጀርና ሊባኖስ ተብሎ ይታተም። ከሁለቱ ስም አንዱን የሚፍቅ ምርቃቴ አይድረሰው።

ሊባኖስ ልጄ፣ ጥቁርህን አውልቅ፤ ትዳር ያዝ። ያዘንህላት ይበቃታል። የቀረውን ሐዘን እኔ ይዤው እሄዳለሁ።

ይህ ቃል በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ተነቦ፣ ተናዛዡ «ቃሌ ነው» ብለው ፈርመዋል።

ምስክሮች፦ አብዱልሐሚድ ይመር፣ ኑሪ ሙሔ፣ ሃረገወይን ተሰማ፣ ኣምደሚካኤል ገብረዮሐንስ። ፊርማ አለ።

ሐሩን አብዱልገኒ ወራሽ በመሆኑ ምስክርነቱ አይቆጠርም። ሆኖም ሲነበብ ከበሩ ቆሞ ሰምቶ፣ «እኔም ልፈርም» ብሎ አባቱን ስለ ለመነ፣ ከሁሉ በታች ፈርሟል።