እትዬ፣ ደረቁ ክፍልና ያልተገኘችው ፀጉር ሠሪ

ቤተሰቡ በሙሉ፣ በመሥሪያ ቤታቸውም ከጥበቃ ሠራተኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ «እትዬ» እያለ ይጠራቸው የነበሩት ውድ እህታችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጅ ነርሷ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ አራት ልጆች ተከታትለው ስለመጡ፣ እናታቸው የሰው ልጅ ለማዋለድ ሲወጡ የቤቱን ልጆች የሚያሳድጉት እትዬ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የመጨረሻዋ ታናሽ እህታቸው ናት። እሷም እንቅልፍ በዓይኗ ከዞረ ሰንብቷልና የጎደለ ነገር ቢኖር እንዲታለፍላት ትለምናለች።

እትዬ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈራቸው ተከታትለው አጠናቀቁ። ውጤታቸው ዩኒቨርሲቲ ያስገባቸው ነበር። ሆኖም የአባታቸው ዓይን ደክሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ስላቃታቸው፣ ቶሎ ሥራ የሚያስይዝ ትምህርት ይሻላል ተብሎ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ማሠልጠኛ ገቡ። አልተቆጩም ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል። ተቆጭተዋል፤ አንገታቸውን ደፍተው ግን ተማሩ፣ በጥሩ ውጤትም ተመረቁ።

በመጀመሪያ የተቀጠሩት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ሪኤጀንት የሚባሉት የምርመራ ፈሳሾች በበረዶ ሣጥን ታሽገው ነበር የሚመጡት። መኪናው መንገድ ላይ ከተበላሸ በረዶው ይቀልጣል፣ ፈሳሹም ከጥቅም ውጪ ይሆናል፤ በሽተኛው «ነገ ተመለስ» ይባላል። ነገ ደግሞ መብራት ይጠፋል። እትዬ ይህን መልስ ለሰው መንገር አንገሸገሻቸው። ንዴታቸውን የሚወጡት ሣጥኖቹን በሚያመላልሱት ሹፌር ላይ ነበር። ሹፌሩ ግን በየሳምንቱ እየተቆጧቸው በየሳምንቱ መምጣታቸውን አልተዉም፣ በመጨረሻም ተጋቡ። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ሲቀልዱ «የእኛ ትዳር በስድብ ስለተጀመረ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ቀሎኛል» ይላሉ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፍርተዋል።

ሴት ልጃቸው በእግሯ መሄድ ስትጀምር እትዬ እነዚያን ፈሳሾች አድርቆ ያለ ማቀዝቀዣ እንዲቆዩ የሚያደርግ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጠሩ። ሥራው እንዲህ ነው። ፈሳሹ ጠብ ጠብ እያለ እጅግ በቀዘቀዘ ናይትሮጅን ውስጥ ሲገባ፣ ወዲያው የምስር ፍሬ የምታህል በረዶ ይሆናል። ከዚያ አየሩ ተመጥጦ በወጣ ማድረቂያ ውስጥ ይቀመጥና በረዶው ወደ ውሃነት ሳይለወጥ ተንኖ ያልቃል። የሚቀረው ነጭና ቀላል ዶቃ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ የትም ይደርሳል፣ ናሙና ሲንጠባጠብበትም ሟሙቶ ሥራውን ይሠራል። ማድረቁ ቀናት ይፈጃል፤ ሰው ቸኩሎ ሙቀት ከጨመረበት ዶቃው ውስጡ ቀልጦ ይሟሽሻል። ቤታቸው ውስጥ ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንኳ መታገሥ የማይችሉት እትዬ፣ እዚያ ማድረቂያ ፊት ሲቆሙ ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። በትጋታቸውም የክፍል ኃላፊ ለመሆን በቁ።

የደረቀ ዶቃ ጠላቱ እርጥበት ነው። ስለዚህ ወደ ጠርሙስ የሚሞላው፣ ደረቁ ክፍል በሚባል፣ ማሽን የአየሩን እርጥበት ሁሉ መጥጦ በሚያወጣበት ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ የሚውል ሰው ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ ዓይኑን ይቆጠቁጠዋል፣ አፍንጫው ይደማል። እትዬ ማታ ቤት ሲገቡ በቀጥታ ወደ ውሃው ቧንቧ ይሄዱ ነበር፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቻቸውም ፊታቸው ታጥቦ እስኪያልቅ ምንም እንደማይጠየቁ ያውቁ ነበር።

እትዬ አርባ ስድስት ዓመት በሆናቸው ጊዜ ደረቁ ክፍል ውስጥ ጠርሙስ እየሞሉ ከሚያሽጉት አሻጊዎች አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። አፍንጫዋ አላቆም ብሎ ይደማል። ወደ ሌላ ክፍል እንድትዛወር እትዬ ቢጠይቁ ምትክ ሰው የለም ተባሉ። ልጅቷም ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታ «ምንም አልሆንኩም እትዬ፣ ደህና ነኝ» ትላለች፤ ደሙ ግን በጭንብሏ ላይ ይታያል። የእትዬ አንጀት አልቻለም። ትንሽ እንድትተነፍስ ብለው ፎጣ በውሃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ የወንበሯ መደገፊያ ላይ ሰቀሉላት። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ማሽኑ እርጥበቱን ይመጥጠዋል ብለው አሰቡ። ማሽኑም የክፍሉን አየር አደረቀ፤ የልጅቷ ጠርሙሶች ግን አፋቸውን ከፍተው ከፎጣው ሥር ነበሩ። ዶቃዎቹ እርጥበቱን ጠጡ። መልካቸው አልተለወጠም፤ ለፍተሻ የተወሰዱት ጠርሙሶች ደግሞ ከሌላ ጠረጴዛ የተነሡ ስለነበሩ ሁሉም አልፎ ተላከ።

እነዚያ ዶቃዎች የጉበት ቫይረስ መመርመሪያ ነበሩ። ከወራት በኋላ ከአንድ ጤና ጣቢያ ተደወለ። እነሱ ዘንድ ነፃ ነህ የተባለ ሰው ሌላ ቦታ ሲመረመር ቫይረሱ ተገኝቶበታል። እትዬ የጠርሙሱን ቁጥር ሲሰሙ ፎጣው ትዝ አላቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብተው «እርጥብ ፎጣ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷን እንዳትነኳት» አሉ። ልጅቷ አልተነካችም። እትዬ ግን ከኃላፊነታቸው ተነሥተው እስከ ጡረታቸው ድረስ ጠርሙስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሠሩ።

ፋብሪካው ጠርሙሶቹን ሰበሰበ። ሰዎቹን መፈለግ ግን የማንም ሥራ አልነበረም። እትዬና ባለቤታቸው የዕረፍት ቀናቸውን ሁሉ መኪና እየተዋሱ፣ ጠርሙሶቹ የደረሱባቸውን ጤና ጣቢያዎች ዞሩ፤ ከነርሶች ጋር ሆነው የተመረመሩትን ቤት ለቤት ፈልገው እንደገና እንዲመረመሩ አደረጉ። አብዛኞቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሕክምና ጀመሩ። አንዳንዱ አመሰገናቸው፣ አንዳንዱ ረግሟቸው በሩን ዘጋባቸው። እትዬ ለሁለቱም እጅ ነሥተው ወጡ።

አንዲት ሴት ብቻ ሳትገኝ ቀረች። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ ተመርምራ፣ ነፃ ነሽ ተብላ፣ በዚያው ቀን ተሳፍራ የሄደች ናት። መዝገቡ ላይ ስሟም አድራሻዋም አልሰፈረም፤ ነርሷ የምታስታውሰው ፀጉር ሠሪ መሆኗንና ግራ እጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ እንዳለባት ነበር። ከዚያ ወዲያ እትዬ በሄዱበት ከተማ ሁሉ ፀጉር ቤት ይገባሉ፤ ወንበር ላይ ይቀመጡና በመስታወቱ የሠራተኞቹን እጅ ያያሉ። የነበረቻቸው ፀጉር በካውያ ብዛት ሳሳች። ይህች ታናሽ እህታቸውም አብራ መዞሩ ታክቷት «እትዬ፣ አሁንስ ይብቃዎት፤ ሰው የሚችለውን አድርገዋል» ብትላቸው፣ «እኔ አውቃለሁ፤ እሷ ግን አታውቅም» አሏት። ከዚያ በኋላ ማንም ይብቃዎት አላላቸውም።

እትዬ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ምክንያት በቤታቸውና በሆስፒታል ለረጅም ጊዜ ሲረዱ ቆይተዋል። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እህታቸው እየተፈራረቁ አስታመሟቸው፤ ያቺ አሻጊም እየመጣች ታገላብጣቸው ነበር። ደክሞናል። እሳቸውም ደክሟቸው ነበር። በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር አራት ታናናሾቻቸው ሐዘን ላይ ይገኛሉ።

እትዬ ስለ ራሳቸው ብዙ እንዳይጻፍ፣ ይህ ግን ሳይነበብ እንዳይቀር አደራ ብለዋል። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ከመናኸሪያው አጠገብ ተመርምራ የሄደች፣ ግራ እጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባት ፀጉር ሠሪ የምታውቁ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው የምታውቁ፣ ያ ምርመራ ስሕተት ሊሆን ስለሚችል እንደገና እንድትመረመር ንገሯት። ሕመሙ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፤ ሕክምናውም አለ። ስትነግሯት የተሳሳተው ማን እንደሆነም አትደብቋት።

ፈጣሪ ለእትዬ ዕረፍትን፣ ለዚያች ሴት ጤናን ይስጥልን።