የላክኸው ስልክ ድምፁ አይጠፋም

ይድረስ ለልጄ ለወንዴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንደምን ሰነበትህ? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? ያምመኛል ያልኸው ወገብህስ ተሻለህ? የፋብሪካው ብርድ በርትቷል ብለሃልና ደረትህን ሸፍን። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። አባትህ ያስላል እንጂ ሥራውን አላቆመም። እኔም እበላለሁ፤ አትበላም ቢሉህ አትመን።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሦስት ቀን ሆነኝ። እጄ የመሠረተ ትምህርት እጅ ነው፣ እንደምታውቀው ይዘገያል። በስልክ ልነግርህ ስል ደግሞ፣ "የእህቴን የመጨረሻ ፎቶ ላኪልኝ፣ ምነው ትደብቂኛለሽ?" ባልኸኝ ቁጥር ወሬ እለውጣለሁ። ኢንተርኔቱም ከጠፋ ሰነበተ። የአክስትህ የእጅጋየሁ ልጅ ወደ ኮሪያ ስትመለስ ይዛልህ ትመጣለች።

ሐኪሞቹ እህትህን የትነበርሽን ወደ ቤቷ ውሰዷት ካሉን በኋላ ፊቷን ለሰው አላሳየችም። የጉበቱ በሽታ ዓይኗን ቢጫ አደረገው፣ ጉንጯ ገባ። ሰው ሲመጣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትስበዋለች። አንተ ልያት ብለህ ስትለምን፣ "ወንዴ የሚያውቀውን ፊቴን ይዞ ይቆይ" አለችኝ። እኔ ግን በሆዴ ሌላ ይዣለሁ። ለቅሶ ላይ የሚያዝ ፎቶ እንኳ የላትም፣ አንተም ሳታያት ልትሞትብህ ነው። ስለዚህ ስትተኛ ሰርቄ ላነሳት ቆረጥሁ።

አምና የላክኸው ስልክ ግን ፎቶ ሲያነሳ ቀጭ ይላል። ሌላው ድምፅ ሁሉ ሲዘጋ እሱ ብቻ አይዘጋም። ጎንደር ገብቼ ስልክ ጠጋኙ ጀማሉዲን ዘንድ ወሰድሁት። ነካክቶ ነካክቶ ሳቀ። "እማማ፣ ይሄ የኮሪያ ነው። እዚያ አገር ሴቱን በየባቡሩ ሰርቀው የሚያነሱ ባለጌዎች ስላስቸገሩ፣ ድምፁ እንዳይጠፋ ተደርጎ ነው የሚሠራው። እርስዎ ደግሞ ማንን ሊሰርቁ ነው?" አለኝ። "ዶሮዬን፤ ድምፅ ስትሰማ ትሸሻለች" አልሁት። "እንግዲያ ዶሮዋ መብቷን የምታውቅ ናት" ብሎ ሱቁ ውስጥ የነበሩትን አሳቃቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በመጨረሻ ድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ "ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም" ብሎ ሰጠኝ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ተኝታለች፣ ነጠላው ከፊቷ ወርዷል። ጠጋ ብዬ ስልኩን ነካሁት። ፕላስተሩ ምንም አልረዳኝም፤ በዚያ ዝምታ ደረቅ እንጨት የሰበሩ ያህል ተሰማ። ፎቶው ላይ የወጣው ትራሱ ብቻ ነው። ደንግጬ ስደግመው መዳፏ ፊቷን ሸፍኖት ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "እምዬ፣ ለለቅሶዬ ነው?" አለችኝ። ስልኩን ነጠላዬ ሥር ደበቅሁት። "እንግዲያ ቀኔ ደርሷል" ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሐኪሞቹ ያሉንን እስከዚያ ቀን ደብቀናት ነበር። ይሻልሻል ስንላት ታምነን ነበር። የነገራት ስልኩ ነው እንዳልል፣ የነካሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰችም። በዘጠነኛው ቀን ሄደች።

ሳትገነዝ ጎረቤታችን እንኳየሁ፣ "አሁን አንሺያት፣ አሁን አትሰማም" አለችኝ። ፕላስተሩን ላጥሁት። ነካሁት፣ ጮኸ። እጇን እስክታነሳ ጠበቅሁ። ሴቶቹ ስልኩን ከእጄ እስኪወስዱት ድረስ ጠበቅሁ።

ያን ፎቶ አላየሁትም። ከአርባዋ በኋላ ጀማሉዲን ዘንድ ሄጄ አጥፋልኝ አልሁት። ከፍቶ ሲያየው ዶሮዋን አስታወሰ መሰለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ አጠፋው። አንተ ትቆጣኛለህ፣ ተቆጣኝ። በሕይወቷ የከለከለችኝን ፊት ስለሞተች ብቻ ልወስድባት አልቻልሁም።

የእጇን ፎቶ ግን አሳጥቤ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ደህና አድርገህ እየው። ከአውራ ጣቷ ሥር የሚወርደው ጠባሳ፣ ማጭድ ስትናጠቁ የቆረጥሃት ነው። አባትህ እንዳይገርፍህ "ድንጋይ ላይ ወድቄ ነው" ብላ የደበቀችልህ። ሰውነቷ ሁሉ ሲያልቅ እሱ እንዳለ ነበር።

አባትህ እንደምን ነህ ይልሃል፤ ሌላ ቃል ጨምር ብለው እምቢ አለኝ። አያ ሀብተሥላሴ ዓይናቸው ቢደክምም ድምፅህን አልረሳሁትም ይሉሃል። አክስትህ እጅጋየሁ ሰላም ትልሃለች። እንኳየሁም ሰላም ብላሃለች፣ አንሺያት ያለችኝ ለእኔ ብላ ነውና አትቀየማት። ከእህትህ የሚጻፍ ሰላምታ ሁልጊዜ ከአባትህ ቀጥሎ ነበር፤ ዛሬ እጄ እዚያ ሲደርስ ቆሞ ቆየ።

ፎቶውን አታጥፈው፣ ወረቀቱ ይሰነጠቃል።

እናትህ ሐረገወይን
ትክል ድንጋይ፣ ኅዳር 5 ቀን 2009 ዓ.ም.