በስንዝር የለካሁት መንገድ

ይህን ብዕር የያዘው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ ነው። ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? ካለሽበት ጤና ይስጥሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጣሪያው ተጠግኗል፤ የእናትሽ ክፍል እንደነበረ ነው።

እናትሽ በተቀበረች ማግስት ስትደርሺ፣ ሰው ሁሉ ፊት «የስምንት ሰዓት መንገድ ሦስት ቀን ፈጀብሽ?» አልኩሽ። ስምንቱን ሰዓት ከየት እንዳመጣሁት ልንገርሽ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ በስንዝር ለክቼ ነው። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ስነዳ መንገድ የምለካው እንደዚያ ነበር፤ ማን ሊያርመኝ?

ትናንት ትኬት ቢሮ ሄጄ ካለሽበት አገር እዚህ ለመድረስ ስንት እንደሚፈጅ ጠየቅሁ። ልጅቷ ሳቀች። «አባባ፣ ሦስት አውሮፕላን እኮ ነው! አንዱን እዚያው ማረፊያው ወንበር ላይ አድረው ነው የሚጠብቁት። ያውም ትኬት ከተገኘ» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ራሴ ኬላ ላይ ሁለት ቀን ቆሜ ስመጣ፣ እናትሽ አንድ ቀን እንኳ «ለምን ዘገየህ?» ብላኝ አታውቅም። ራቴን አሙቃ ታቀርብልኝ ነበር። አንቺን ግን ሻንጣሽን እንኳ ሳታወርጂ አዋረድኩሽ።

አጥፍቻለሁ። ልብስ ሰፊው «ይቺን ቃል ትንሽ ላሳምራት?» ይለኛል፤ እንዳትነካት ብዬዋለሁ።

ሲመችሽ ነይ። የምትነሺበትን ቀን ብቻ ንገሪኝ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ፣ ሦስት ቀንም ቢሆን። መንገድሽን ያቅናልሽ።

በል አንተ፣ አሁን አንብብልኝ። «አጥፍቻለሁ» ያልኩት ጋ ስትደርስ ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ ያን ቀን የሰማኝ ሁሉ ይስማ።