ወርቅአገኘሁ ሊሳለም የወረደበት ቦታ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰

ወንድሜ ገብረአብ፣

ከአንኮበር በላይ መንገድ ለቅቀን በላንድሮቨር ስንወጣ ጉም ዋጠን። ወዳጃችን ወርቅአገኘሁ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰምቶ «አቁም፣ ወርጄ ልሳለም» አለኝ።

«ካርታው ቀጥል ይላል፣ ሊመሽ ነው፣ ተቀምጠህ ተሳለም!» ብዬ ጮኽሁበት።

«ካርታህን አንተው ተሳለመው» ብሎ ወረደ። ሦስት እርምጃ ሳይራመድ «ሞተሩን አጥፋ! ፊታችን ገደል ነው» አለ።

እዚያው ድንኳን ተክለን አደርን። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ጥልቀቱን አየሁት። ከእንግዲህ የእንጦጦን ቁልቁለት ገደል ብዬ አልጠራውም። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ተሳለምሁ። እስካሁን እፎይ እላለሁ።

ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ባለቤቴን ደመቀችን ደኅና ነው በላት፤ ገደሉን ግን አታንሳባት። መሳለሜንስ ብትነግራትም አታምንህም።

ገብረመንፈስቅዱስ