ኢስራ በር ላይ የተሰቀሉት ሁለት ፌስታሎች

ቆቦ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሪሀ ጀሚል
ዱባይ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ ልጄ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሽንኩርቱ ደርሷል። እናትሽ ዚነት ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ አፏ ጤነኛ ነው።

አባቴን ምን ነካው ብለሽ እንዳትደነግጪ። ሰለሞንን ያገባሽ ጊዜ ድምፅሽን በስልክ ላልሰማ ምያለሁ፤ ይኸው ሦስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ላልጽፍ ግን አልማልኩም። ይህ ትዝ ያለኝ ትናንት ነው፤ ከትናንት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። እዚህ ድረስ ስጽፍ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰለሞን አባት አቶ ከበደ ከሮቢት መልእክት ላኩብኝ። ልጆቹ ረመዳኑም ሁዳዴውም ሳይገባ ሕፃኗን ይዘው ሊመጡ ነው፣ ማን ቤት እንደሚያርፉ እንነጋገር ይላሉ። እኔ እሳቸው ቤት አልሄድም፤ እሳቸውም እኔ ቤት አይመጡም። ኢስራ ቤት ይሁን ያለችው እናትሽ ናት። ኢስራን ታውቂያታለሽ፣ እዚያው ዱባይ ሕንዶች ቤት ስምንት ዓመት የሠራችው። አሁን መናኸሪያው አጠገብ የሕንድ ምግብ ቤት ከፍታለች። ቆቦ ላይ የሕንድ ምግብ ሲሉኝ ሳቅኩ፤ ሄድኩ ግን።

የማን እርድ እንደሆነ የማላውቀውን ሥጋ እንዳልበላ ብዬ የራሴን የፍየል ጥብስ በፌስታል ያዝኩ። ከእናትሽ ጋር በሩ ጋ ስንደርስ አቶ ከበደና ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች ከባጃጅ ይወርዳሉ። በአቶ ከበደም እጅ ፌስታል አለ። እኔ የሳቸውን አየሁ፣ እሳቸው የኔን አዩ፤ ሁለታችንም ወደ ኋላችን ደበቅን።

ከኢስራ ዓይን ግን የሚያመልጥ ነገር የለም። "ጋሼ ጀሚል፣ እዚህ ቤት ሥጋ አይገባም" አለችኝ። ዞር ብላ ለእሳቸውም ያንኑ ደገመች። አሠሪዎቿ ሥጋ የሚባል የማይነኩ ሰዎች ነበሩ። እሷም ሙስሊም ቢያርድ ክርስቲያኑ አይመጣልኝም፣ ክርስቲያን ቢያርድ ሙስሊሙ አይመጣልኝም ብላ ጭራሽ ትታዋለች። ሁለቱን ፌስታል ተቀብላ በሩ ላይ አንድ ሚስማር ላይ ሰቀለቻቸው። ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ አንገታችንን ደፍተን ገባን።

ለአራታችን አንድ ትሪ መጣ። ሩዝ፣ ቂጣ፣ ሽምብራ፣ በቆስጣ የተሠራ አይብ። ኢስራ ዳል ያለችኝን ብቀምሰው ምስር ነው። ምስር ልበላ ነው እንዴ ይህን ያህል የተጨነቅኩት አልኩ በሆዴ። በለቅሶም በሠርግም ስንገናኝ የየራሳችን ድስት ነበረን፤ ከአቶ ከበደ ጋር አንድ ትሪ ላይ እጄን ስሰድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቂጣ ስቆርስ እጃችን ተጋጨ። እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሣሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ተነሣሁ። እናትሽ ቁጭ በል አለችኝ።

ስቀመጥ አቶ ከበደ ቀስ ብለው ተናገሩ። "እኔም ሰለሞንን ሦስት ዓመት አላናገርኩትም። የልጅ ልጄን ያየሁት ጎረቤት ስልክ ላይ ነው" አሉ።

እኔም እናትሽ ስትሰግድ ስልኳን ሰርቄ ሕፃኗን እንዳየኋት አልነገርኳቸውም። የሷን ግንባር አይቼ ያንቺን ግንባር አይቻለሁ፤ ያን ቀን ማሳ ውዬ ምን እንደሠራሁ አላውቅም።

ምን እንዳናገረኝ እንጃ፣ ኢስራን ጠራሁና "በርበሬ የሌለበት፣ ለሕፃን የሚሆን ትሠሪያለሽ?" አልኳት። ትሪው ዙሪያ ያለነው አራት ሽማግሌ ነን። እናትሽ ማኘኳን አቆመች። ወይዘሮ አበበች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ኢስራ እሠራለሁ ብላ ሄደች።

ማን ቤት እንደምታርፉ ሳንወስን ተነሣን። ፌስታሎቹንም ሁለታችንም ረስተናቸው ወጣን።

ይህን ስልሽ ትዳርሽን መረቅኩ ማለት አይደለም። ዛሬ ጠዋት ክፍልሽ ውስጥ የነበረውን የሽንኩርት ጆንያ ሁሉ አስወጥቻለሁ፤ ቤቱ አየር እንዲያገኝ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ። አልጋውንም ያስጠገንኩት ስለተሰበረ ነው።

ደብዳቤውን ለእረፍት የመጣው ዒምራን ሐሙስ ወደ ዱባይ ሲመለስ ያደርስልሻል። አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ሕፃኗን ያሳድግልሽ። ለሰለሞንም ሰላም በይው፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

አባትሽ
ጀሚል

አንድ ነገር ረሳሁ። መልሱን ጽፈሽ ላኪልኝ። ልጅቱ በርበሬ ትችላለች? አንቺ በሷ ዕድሜ እያለቀስሽም ቢሆን ከእኔ እጅ ትበዪ ነበር።